ሲስተርን የማትወድ መኪና

መምህሩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ግምት የሚባል ነገር ወደ ክፍሉ አስገብቶ አያውቅም። ተማሪ ተነሥቶ «መልሱ ሰባት ይመስለኛል» ካለው፣ «መምሰሉን ተወውና አረጋግጥ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ቤቱም ውስጥ ያው ነው። ሾርባው ጨው አንሶታል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከላይ አንድ ማንኪያ፣ ከመሐል አንድ ማንኪያ፣ ከሥር አንድ ማንኪያ ቀምሶ ነው መልስ የሚሰጠው።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። በጤና ጣቢያው ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ፣ በሰፈሩም ከባለሱቁ እስከ ፀጉር አስተካካዩ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል፤ ባሏም ከተጋቡ ጀምሮ ሌላ ስም አውጥቶላት አያውቅም። «ሲስተርዬ» ካላት ግን አንድ የሠራው ጥፋት አለ ማለት ነውና፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ምን ሰበርክ?» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቶ «ሲስተርዬ» አለ።

«ምን ሰበርክ?»

«ምንም አልሰበርኩም። ገዛሁ።»

ደጅ የቆመችው ቢጫ ስፖርት መኪና ዕድሜዋ ከትዳራቸው ይበልጣል። ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ ከመሬት እምብዛም ስለማትርቅም ሰው ይገባባታል ከማለት ይለብሳታል ማለት ይቀላል። መምህሩ ደግሞ ረጅም ነው። ሲገባ መጀመሪያ አንድ እግሩን፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱን፣ ከዚያ ትንሽ አረፍ ብሎ የቀረውን ያስገባል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ እንዲህ ያለች መኪና አጠገቡ ሽው ብላ አልፋ ደብተሩን ከእጁ አስጥላው ነበር። ደብተሩን አነሣ፤ ልቡ ግን እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም መኪናውን ሊሸጥ ነው ሲባል፣ መምህሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያረጋግጥ እሺ አለ።

ሲስተር መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ወደዚህ ዓለም ሳስገባ ኖሬ፣ እኔ በዚች ልወጣ ነው?» አለች። ቢሆንም ወገቧን ይዛ ገባች።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ጫጉላ አለፈ። ጣጣው የመጣው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ከከተማው ሌላ ጫፍ የምትኖረውን የሲስተርን እህት ሊጠይቁ ሄዱ። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበርና አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ተጫውተው፣ ሥቀው፣ ተሰናብተው ወጡና መምህሩ ቁልፉን ቢያዞረው መኪናዋ ጭጭ። ደግሞ አዞረው። ከውስጥ «ጭቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰጥታ ተኛች።

የእህቷ ባልና ሁለት ጎረቤቶች ሊገፉ ከኋላ ተሰለፉ። ያለ ሥርዓት ሲገፉ ሲስተር አላስችል አላትና ጎን ቆማ ማዘዝ ጀመረች።

«አይደለም! እንዲሁ አትታገሉ! መጀመሪያ በደንብ ተንፍሱ… አዎ፣ እንዲያ… አሁን ግፉ! ግፉ! በርቱ፣ ደረሰ ደረሰ!»

ሰዎቹ ሣቁን ከትንፋሽ ጋር እየዋጡ ገፉ፤ መኪናዋም እንደ ሕፃን ጮኻ ተነሣች። ሲስተር ግን ተመልሳ አልገባችም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ታክሲ ያዘች። መምህሩ በእፍረትም በንዴትም እግሩን ነዳጁ ላይ ተክሎ፣ ሞተሩን እያስጮኸ ብቻውን ወደ ቤት በረረ። በማግሥቱ ጠዋት ቁልፉን ገና ሲነካው ተነሣች። ምንም እንዳልተፈጠረ።

በሚቀጥለው እሑድ ሲስተርን ይዞ ወጣ፤ አሁንም መመለሻው ላይ ጭጭ። ሰኞ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት፣ እንደ ሰዓት። ረቡዕ ከሲስተር ጋር ገበያ፣ ጭጭ። ጋራዥ ያለው መካኒክ ባትሪውን አየና «አርጅቷል» ብሎ ቀየረው። አዲሱም ባትሪ እሑድ ዕለት እንደ አሮጌው ሞተ። «እንግዲያው ዲናሞው ነው» አለ መካኒኩ፤ ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላውን ማለቱ ነው። ዲናሞውም ተቀየረ። መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ረገጥ አደረገና «ይኸው፣ እንደ ጉድ ይሞላል!» አለ። ቅዳሜ ሲስተር የአጎቷን ልጅ ልትጠይቅ ሄደች፤ የአጎቷ ልጅ ከነቤተሰቡ ወጥቶ ሲገፋ አመሸ።

በዚህ ጊዜ መምህሩ አዲስ ደብተር ገዛ። በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመረ፦ ቀን፣ የመንገዱ ርዝመት፣ መብራት በርቷል ወይስ አልበራም፣ ዝናብ፣ ሙቀት። መጨረሻ ላይ አንድ ጠባብ ዓምድ ጨመረና በላዩ «ሲ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ወር ሙሉ ሳያሰልስ መዘገበ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ተቀምጦ አንዱን ዓምድ ከሌላው ጋር አመሳከረ። ዝናብ ጥፋት አልተገኘበትም። መብራትም ነፃ ወጣ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሠላሳ አንድ ጉዞ፤ ሲ ያለችበት አሥራ አንድ፤ የቆመችው አሥራ አንድ ጊዜ። ሲ በሌለችበት ሃያ ጉዞ አንድም ጊዜ አልቆመችም። እርሳሱን አስቀምጦ እስኪርቢቶ አነሣና ከሥር ጻፈ፦ «ማጠቃለያ፦ የብልሽቱ መንስኤ ሲ ናት።»

ጽፎ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ደበቀው። ሒሳብ አዋቂ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።

ሲስተር በሦስተኛው ቀን የሱቅ ዕቃ የምትመዘግብበት ወረቀት ስትፈልግ አገኘችው። መምህሩ ከሥራ ሲመለስ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ እሷም ከፊቱ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች።

«ሲ ማን ናት?»

«ሲስተርዬ…»

«ሲ ማን ናት ነው ያልኩህ።»

«ሲ እንግዲህ… ተለዋዋጭ ናት። በሒሳብ ቋንቋ ማለቴ ነው፤ ዋጋው የሚቀያየር ነገር ሁሉ ተለዋዋጭ ይባላል።»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። «ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቦታ ተቀምጬ ተለዋዋጭ ሆንኩ? ዋጋዬም ይቀያየራል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲስተር መኪናዋ ውስጥ እግሯን አላስገባችም። በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ በአውቶቡስ ትመለሳለች። «ለሷም ይሻላታል፤ እኔ ጤናዋን እነሣታለሁ» ትላለች።

መኪናዋ ሦስት ሳምንት አንድም ቀን አልቆመችም። ለማረጋገጫ ከዚህ በላይ የለም፤ መምህሩ ግን ደስ አላለውም። ባዶውን ወንበር እያየ ሆድ ባሰው። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ «አየሽው ይሄን ሰውዬ እንዴት እንደሚነዳ?» ብሎ ወደ ቀኙ ሲዞር፣ የሚመልስለት የተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚያ የሲስተር ጡረታ ደረሰ። ጤና ጣቢያው ለቅዳሜ የሽኝት ዝግጅት አሰናዳ። ሰኞ ዕለት ራት እየበሉ ሲስተር ማንኪያዋን አስቀመጠችና እንዲህ አለችው፦

«ቅዳሜ ሽኝቴ ነው። አውቶቡስ ጠብቄ፣ ተጋፍቼ አልሄድም። በዚችው በቢጫዋ እሄዳለሁ፣ በዚችው እመለሳለሁ፤ ማንም አይገፋኝም። እስከዚያ ጥፋተኛው እኔ ልሁን እሷ አጣራ። አንተ ማረጋገጥ ትወድ የለ?»

በማግሥቱ መምህሩ ደብተሩን በብብቱ ይዞ የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ አንዲት ሴት ጋ ሄደ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ እጅጌዋን እስከ ክርን የጠቀለለች ናት፤ ፀባይዋ ቶሎ ስለሚቃጠል ሰው ሁሉ «ፊውዝ» ይላታል። ሱቋ ጠባብ ናት። ግድግዳው ላይ የሽቦ ጥቅሎች በየቀለማቸው ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ የደንበኛ መቀመጫው ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ነው፤ ቀበቶው እንኳ አልተፈታም። ከበሩ በላይ «ሥራዬን ለሚያስተምረኝ ደንበኛ ዋጋው እጥፍ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። መምህሩ ጽሑፉን አነበበና አፉ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጠ። ደብተሩን ብቻ ዘረጋላት።

ፊውዝ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሠንጠረዥ ይዞ የመጣባት ደንበኛ አልነበረም።

«ቲቸር፣ ሲ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

«ይህን መጻፍዎን ታውቃለች?»

«አሁንማ ታውቃለች።»

ፊውዝ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «እና በሕይወት አሉ» አለች። «ሐሙስ ሲን ይዘው ይምጡ። እሷ በሌለችበት አንዲት ብሎን አልፈታም።»

ሐሙስ ሲስተር ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ ፊቷ ለምስክርነት የተጠራች ሰው ፊት ነው። ፊውዝ ከባትሪው ሁለት ረጃጅም ሽቦ ስባ በመስኮት አስገባችና ከኤሌክትሪክ መለኪያዋ ጋር አገናኘችው። «ቁጥሩ ወደ አሥራ አራት ከወጣ ባትሪው እየተሞላ ነው» አለች። «አሥራ ሁለት አካባቢ ከቀረ እየተራቆተ ነው። መጀመሪያ እኔና ቲቸር እንሂድ። ብቻዎን ሲሆኑ እንደሚነዱት ይንዱ።»

መምህሩ ብቻውን ሲሆን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ሞተሩን አስጮኸ፣ መታጠፊያው ላይ ጎማውን አስፋጨ፣ ፊውዝ በሩን ጨመቀች። መለኪያው አሥራ አራት ነጥብ አንድ አለ፤ እዚያው ቆመ። ተመልሰው መጡና ሞተሩን አጠፋ።

«ምንም የለባትም» አለች ፊውዝ ፀጉሯን እያስተካከለች። «አሁን ሲስተር ይግቡ። መለኪያውን እርስዎ ይያዙና ቁጥሩን ያንብቡ።»

ሲስተር መለኪያውን እንደ ቴርሞሜትር ያዘችው። መኪናዋ ገና ስትንቀሳቀስ እንደ ልማዷ አንድ እጇን ፊት ለፊቷ ዳሽቦርዱ ላይ ተክላ «ቀስ! ወገቤን!» አለች። መምህሩ እንቁላል እንደጫነ ሰው ሰፈሩን ዞረ። በየመታጠፊያው ድምፅዋ በመስኮት ይሰማል፦ «አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት! አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት! ኧረ ይሄ ልጅ እየደከመ ነው! አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ!»

ሲመለሱ መምህሩ ከመኪናዋ እንዴት እንደወጣ እንኳ አላወቀም። «አላልኩም? ያውና! ተረጋገጠ!» ብሎ ጮኸ፤ የሚስቱን ዓይን ሲያይ ግን ድምፁ መሐል መንገድ ላይ ቀረ።

«ገና አልጨረስኩም» አለች ፊውዝ። «ሲስተር፣ ይውረዱልኝ። ቲቸር፣ አሁን ከእኔ ጋር ሆነው ልክ ሲስተርን ይዘው እንደሚነዱት ይንዱ።»

ፊውዝ የሲስተርን ወንበር ያዘች። መምህሩ ቀስ ብሎ ሄደ። አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ። ሌላ አንድ ዙር። አሥራ ሁለት። ወንበሩ ላይ ሲ የለችም፣ ቁጥሩ ግን የሲ ነው። «አሁን ነዳጁን በደንብ ይርገጡት» አለች ፊውዝ። ረገጠው። ሞተሩ ሲጮህ መለኪያው ዘሎ አሥራ አራት ገባ፤ እግሩን ቢያነሣም አልወረደም።

ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ፊውዝ ጭንቅላቷን በመስኮት አወጣች። «ሲስተር፣ እርስዎ ነፃ ነዎት። ጥፋቱ የእግሩ ነው።»

ሲስተር ጋውኗን አስተካከለች፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ግን እኮ» አለ መምህሩ፣ «ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ሁሉ መኪናው አይሞላም ማለት ነው?»

«አይደለም። ሌላ ነገር አለ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ያዙሩት እስቲ። ሞተሩን አያስነሡ። የባትሪ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት መብራት ነበረበት። የት አለ?»

መምህሩ ጭራሽ ወደዚያ አላየም። ቁልፉን ሳይሆን ጫማውን ነው የሚያየው። ፊውዝ ተጎንብሳ እጇን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገባች፣ ዳበሰች፣ ከዚያ ባዶ የአምፖል መያዣ በሽቦው ጎትታ አወጣች።

«ይሄን አምፖል ማን ነቀለው?»

መንገድ ላይ አንድ ብስክሌት አለፈ።

«ሲስተርዬ…» አለ መምህሩ።

ሲስተር እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ወዲያው ግን ትዝ አላትና አፏን ያዘች። «ያቺ ቀይ መብራት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቁልፉ በዞረ ቁጥር ቀይ መብራት ብልጭ ሲል ሲስተር «ይሄ ቀይ ምንድን ነው?» ትለዋለች። መምህሩ አያውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ አይችልበትም። «ምንም አይደለም» ይላታል። «ምንም ካልሆነ ለምን ቀይ ይሆናል? እኛ ጋ ቀይ ሲበራ ሰው ይሮጣል» ትለዋለች። ሞተሩ ሲነሣ መብራቱ ቢጠፋም እሷ አትረሳም፤ በማግሥቱ ያው ጥያቄ። መኪናዋ እንከን የላትም ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ ሰው ይህን ሲሰማ ስንት ቀን ይችላል? አንድ እሑድ ሲስተር ተረኛ ሆና ሥራ ስትገባ ጠብቆ፣ ጠፍጣፋ ተኝቶ፣ እጁን ከሥር አስገብቶ አምፖሏን ነቀላት። ማታ «አስተካከልኩት» አላት።

«አበጀህ ብዬህ ነበር እኮ!» አለች ሲስተር። «እጅህን ይባርከው ብዬ መርቄህ ነበር!»

ፊውዝ ከመሳቢያዋ ከባቄላ የምታንስ አምፖል አውጥታ እያጸዳች አስረዳቸው። «ይህች መብራት ለማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለችም። እንዲህ ባሉ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው በእሷ ውስጥ የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። እሷ ከሌለች ዲናሞው በከንቱ ይዞራል እንጂ አይሠራም፤ ሞተሩ በጣም ሲጮህ ብቻ በራሱ ጊዜ ደንግጦ ይነቃል። መካኒኩም ሲፈትሽ ነዳጅ ስለሚሰጥ እንደነቃ ነው ያገኘው። ብቻዎን ሲሆኑ ይቀሰቅሱታል፤ ሲስተር ሲኖሩ እሹሩሩ ይሉታል።»

አምፖሏን ከትታ ቁልፉን አዞረች። ቀይ በራ። ሞተሩን አስነሣች፤ ቀዩ ጠፋ፤ ማንም ነዳጅ ሳይነካ መለኪያው አሥራ አራት አለ። ሥራው ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሲስተር እጇን ዘረጋች። «ደብተሩን» አለች። መምህሩ ሰጣት። የመኪናዋ ኮፈን ላይ ዘርግታ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ፣ «ሲ ናት» የሚለውን በቀጥታ መስመር ሰርዛ በላዩ «መ ነው» ብላ ጻፈች። ከጎኑም የሕሙማን ካርድ ላይ እንደምታደርገው ቀንና ሰዓት ጨምራ ፈረመችበት። ፊውዝም ምስክር ሆና ጥቁር አሻራዋን አሳረፈችበት።

ቅዳሜ ሲስተር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ጣሪያው ተገልጦ፣ ቀስ ብለው፣ በዋናው መንገድ እየታዩ ሄዱ። በጤና ጣቢያው ግቢ ንግግር ተደረገ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ በሷ እጅ የተወለዱ ሁለት ጎረምሶች እቅፍ አበባ አመጡላት፤ ሐኪሙ የምስጋና ወረቀት መስተዋት ባለው ፍሬም አስገብቶ ሰጣት። ሲመለሱ መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ሲስተር ወደ ሰዉ ዞራ እጇን እንደ ባለሥልጣን አወዛወዘች።

ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ። መምህሩ ጥግ ይዞ ቆመና ጣሪያውን ጎተተ። ጣሪያው እስከ ግማሽ መጣና ቀጥ አለ። ገፋው፣ ሳበው፣ ለመነው፤ ወይ ፍንክች። ውሃው አንገቱ ውስጥ እየገባ ነው። ሲስተር ከቦርሳዋ ጃንጥላ አውጥታ እተቀመጠችበት ዘረጋች። አጠገባቸው በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተሰበሰበ።

«ግባና ንዳ» አለችው። «ሰው ያየናል ብሎ ማፈር ድሮ ቀረ።»

«ቀስ ልበል?»

«ምን ቀስ አለ፣ ልንሰምጥ ነው እኮ! ርገጠው!»

ረገጠው። ጃንጥላው በንፋሱ ተገለበጠ፣ አበባው ዘንጉ ብቻ ቀረ፣ ሲስተር ግን ወገቧን ረስታ እስክታለቅስ ሣቀች። ቤት ሲደርሱ ከሁለቱም የደረቀ ነገር አልተገኘም። የምስጋናው ወረቀት ከነመስተዋቱ ውሃ ቋጥሮ ነበርና አውጥተው ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀሉት፤ የሐኪሙ ፊርማ ወደ ታች ፈስሶ ጢም አወጣ።

መምህሩ ፎጣ ራሱ ላይ አድርጎ መስኮት ላይ ቆመ። «ሰኞ ጣሪያውን የሚያይ ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

«ሰው ከመጥራትህ በፊት» አለች ሲስተር እግሯን እያደረቀች፣ «ምን እንደነካህ ንገረኝ።»

መምህሩ ፎጣውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ።

«አንድ ብሎን ብቻ» አለ። «ትንሽዬ።»

እሑድ ጠዋት መምህሩ ከጣሪያው ፈትቶ የጣላትን ብሎን ፍለጋ ሁለቱም በጉልበታቸው ተንበርክከው መኪናዋ የቆመችበትን ግቢ ሲዳብሱ አረፈዱ። ብሎኗን ያገኘችው ሲስተር ናት፤ የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ። ጠርጋ፣ መዳፉ ላይ አስቀምጣ፣ ሲያስገባት ከአጠገቡ ሳትርቅ ቆማ ጠበቀችው።